ከሰነድ ውስጥ መረጃን በመጠየቂያ ቋንቋ ስለማውጣት፤ የጉዞ መረጃ እንደ ምሳሌ

1. መግቢያ

የትምህርት ዕቅድ በመረጃ ላይ የሚመሠረት ሥራ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት የት እንደሚከፈት፣ እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወዴት እንደሚመደቡ፣ መጻሕፍት በየትኛው መንገድና መቼ እንደሚጓጓዙ ለመወሰን የተማሪዎችን ቁጥር ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ስለ መንገዱና ስለ መጓጓዣውም ማወቅ ያስፈልጋል። በተለይም ተማሪዎች ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው በሚማሩባቸውና በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው በሚመላለሱባቸው አካባቢዎች፣ የመኪና መኖርና አለመኖር ትምህርትን ከመቀጠልና ከማቋረጥ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም እጩ መምህራንን ለልምምድ ለመደልደል የከተሞችን ስምና የመጓጓዣ ሁኔታ የያዘ ሠንጠረዥ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። መረጃውን ከተለያዩ ወረቀቶች በእጄ ገለበጥሁ። በአንዱ ወረቀት «መርጡለ ማርያም» ተብሎ የተጻፈው፣ በሌላው «መርጦ ለማርያም» የሚል ነበር። እኔም ሳላስተውል ሁለቱን እንደ ሁለት ከተሞች መዘገብኋቸው። በአንደኛው ስም አንጻር የመኪና መኖር ተጽፏል፤ በሁለተኛው አንጻር ግን ሣጥኑ ባዶ ነበር። ድልድሉን የሠሩት ባልደረቦቼ ትምህርት ቤቱን ያገኙት በሁለተኛው ስም ሥር ስለነበር፣ ባዶውን ሣጥን «መጓጓዣ የለም» ብለው ተረጎሙት። በዚያ ዓመት ለከተማዋ ትምህርት ቤት የታሰቡት እጩ መምህራን ወደ ሌላ ስፍራ ተመደቡ። ስሕተቱ የታወቀው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ምክንያቱን ለመጠየቅ በመጡ ጊዜ ነው።

ዛሬ ይህን የመሰለው ሥራ በእጅ ሳይገለበጥ፣ በኮምፒዩተር አማካይነት ከሰነዱ በቀጥታ ሊከናወን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ በኢንተርኔት ላይ ከሚገኙ የተደራጁ ሰነዶች የጉዞ መረጃ በመጠየቂያ ቋንቋ እንዴት እንደሚወጣ ማስረዳት፤ ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከላይ ከተገለጸው ዓይነት ስሕተት በራሱ እንደማያድን ማሳየት።

2. የሰነዱ አሠራር

እዚህ ላይ የምንነጋገርበት ሰነድ ኤክስ ኤም ኤል በተባለ ሥርዓት የተጻፈ ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር በሆነው በደብሊው ሦስት ሲ የጸደቀ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መረጃ ምን እንደሆነ በሚናገሩ በአንድ የመክፈቻና በአንድ የመዝጊያ ምልክት መካከል ይቀመጣል። አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ መዘጋት አለበት። የሚከተለው ለማስተማሪያ ብቻ የተዘጋጀ ምሳሌ ስለሆነ፣ ሰዓቶቹ የእውነተኛ መርሐ ግብር ሰዓቶች አይደሉም።

<መናኸሪያ ከተማ="መርጡለ ማርያም">
<ጉዞ><መድረሻ>ሞጣ</መድረሻ><መነሻ>07:15</መነሻ></ጉዞ>
<ጉዞ><መድረሻ>ቢቸና</መድረሻ><መነሻ>08:30</መነሻ></ጉዞ>
<ጉዞ><መድረሻ>ቢቸና</መድረሻ><መነሻ>06:00</መነሻ></ጉዞ>
</መናኸሪያ>

እንደሚታየው፣ ሰነዱ ሰውም መሣሪያም ሊያነበው የሚችል ነው። ሠንጠረዥ መረጃውን በዓምድና በረድፍ ሲያስቀምጥ፣ ይህ ግን በእናትና በልጅ መልክ ያስቀምጠዋል፤ መናኸሪያው ጉዞዎችን፣ ጉዞው ደግሞ መድረሻንና መነሻን ይዟል።

ምልክቶቹ በአማርኛ መጻፋቸው ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ይሆን ይሆናል። በመጀመሪያው ዘመን በእርግጥ አይቻልም ነበር። የ1998ቱ ደንብ ለምልክት ስሞች የፈቀደው በጊዜው በነበረው የዩኒኮድ ዝርዝር የተመዘገቡትን ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤክስ ኤም ኤል 1.1ና በ2008 የወጣው የ1.0 አምስተኛ እትም ግን ገደቡን አነሡት። ስለዚህ መምህሩ ሰነዱን ከነምልክቶቹ በአማርኛ ማዘጋጀት ይችላል። በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው በምልክቱ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይገባ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት ሰነዶች ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ምልክት ያላቸው ናቸው።

3. የመጠየቂያው ቋንቋ

ሰነዱ ትንሽ ሲሆን በዐይን ማንበብ ይበቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ጉዞዎችን ሲይዝ ግን የምንፈልገውን ብቻ ለይቶ የሚያወጣልን መጠየቂያ ያስፈልጋል። ለዚህ የተዘጋጀው ቋንቋ ኤክስኪዌሪ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 በዚያው ማኅበር ጸድቋል። መሠረቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ በሰነድ ውስጥ መንገድ የሚያመለክተው ኤክስፓዝ ነው።

የመንገድ አሳብ ለሀገራችን አንባቢ አዲስ አይደለም። ግጻዌን የተማረ ሰው በመስከረም 17 ቀን የሚነበበውን ወንጌል ሲፈልግ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በዕለቱ ሥር ከተዘረዘሩት ምንባባት መካከልም ወንጌሉን ይመለከታል። ይህ አካሄድ በመጠየቂያው ቋንቋ «ወር/ቀን/ወንጌል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በእኛ ምሳሌም «መናኸሪያ/ጉዞ/መድረሻ» ብሎ መጻፍ መድረሻዎቹን ሁሉ ያወጣል።

ከመንገዱ በላይ ሁኔታና ቅደም ተከተል ለመወሰን አምስት ዋና ዋና ትእዛዛት አሉ። ትእዛዛቱ በኮምፒዩተር ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ሲሆን፣ እዚህ በድምፃቸው እናስቀምጣቸዋለን። «ፎር» ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንዲወስድ ያዛል፤ «ሌት» ለአንድ ነገር ስም ያወጣል፤ «ዌር» ሁኔታ ይወስናል፤ «ኦርደር ባይ» ይደረድራል፤ «ሪተርን» መልሱን ይሰጣል። የአምስቱ የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ተያይዘው ሲነበቡ «ፍላወር»፣ ማለት አበባ፣ የሚል ድምፅ ስለሚሰጡ ተማሪዎች በቀላሉ ያስታውሷቸዋል። ከመርጡለ ማርያም ወደ ቢቸና የሚነሡትን መኪናዎች ሰዓት ለማወቅ የሚቀርበው ጥያቄ እንደሚከተለው ነው።

ፎር $ጉዞ ኢን ዶክ("ሰነድ")/መናኸሪያ/ጉዞ
ዌር $ጉዞ/መድረሻ = "ቢቸና"
ኦርደር ባይ $ጉዞ/መነሻ
ሪተርን $ጉዞ/መነሻ

በአማርኛ ሲፈታ፣ «በሰነዱ ካለው ከመናኸሪያው ሥር እያንዳንዱን ጉዞ ውሰድ፤ መድረሻው ቢቸና የሆነውን ለይ፤ በመነሻ ሰዓቱ ደርድር፤ መነሻ ሰዓቱን መልስ» ማለት ነው። መልሱም 06:00ና 08:30 ይሆናል። «ዶክ» የተባለው ሰነዱ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል። በቅንፉ ውስጥ የሚገባው በራሳችን ኮምፒዩተር የተቀመጠ ሰነድ ስም ወይም የኢንተርኔት አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው አይለወጥም።

4. ከአዲስ አበባ ባቡር የሚገኝ ትምህርት

ወደ እውነተኛ መረጃ ስንሻገር ለሀገራችን ቅርብ የሆነው ምንጭ ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ ባሉ ፈቃደኞች የሚሠራው ካርታ ነው። መረጃውን በኤክስ ኤም ኤል መልክ መውሰድ ይቻላል። በውስጡ ሦስት ዓይነት ክፍሎች አሉ፤ እነርሱም አንድን ስፍራ የሚያመለክት ነጥብ፣ ነጥቦችን የሚያያይዝ መስመር፣ ነጥቦችንና መስመሮችን በአንድነት የሚይዝ ስብስብ ናቸው። የአውቶቡስ ወይም የባቡር መስመር የሚመዘገበው በስብስብ መልክ ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ትምህርት እጅግ ተስማሚ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከትሏል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ሲከፈት 22 ጣቢያዎች ነበሩት። ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ፣ ለጎጃም መንገደኛ ስማቸው ባዕድ ያልሆነውን ጎጃም በረንዳንና አውቶቡስ ተራን አልፎ ቃሊቲ የሚደርሰው የሰሜን ደቡብ መስመርም እንዲሁ 22 ነበሩት። ሁለቱን መስመሮች በያዘ ሰነድ ላይ ጣቢያዎችን ቁጠር ብለን ብንጠይቅ፣

ካውንት(ዶክ("ባቡር")/ባቡር/መስመር/ጣቢያ)

መልሱ 44 ይሆናል። ነገር ግን በከተማው የተሠሩት ጣቢያዎች 39 ብቻ ነበሩ። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ልደታ፣ ተግባረ እድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ በእያንዳንዱ መስመር ሥር ተጽፈው ሁለት ጊዜ ተቈጥረዋል። የጠየቅነው «በመስመሮቹ ሥር ስንት ጊዜ ጣቢያ ተጽፏል?» የሚለውን እንጂ «በከተማው ስንት ጣቢያ አለ?» የሚለውን አልነበረም። የመስመሮቹ ርዝመትም ተመሳሳይ ነው። 17.4ና 16.9 ኪሎ ሜትር ሲደመሩ 34.3 ይሆናሉ፤ የጋራው 2.7 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ብቻ ሲቈጠር ግን 31.6 ነው። ስለ ባቡሩ በተጻፉ ጽሑፎች ሁለት ዓይነት አኀዝ የሚገጥመን ከዚህ የተነሣ ነው።

ድግግሞሹን ለማስቀረት «ዲስቲንክት ቫልዩስ» የተባለው ተግባር አለ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ አድርጎ ይወስዳል። በስሞቹ ላይ ቢሠራ 39 ይሰጠናል። ይሁን እንጂ ይህም የራሱ አደጋ አለው። ጉርድ ሾላ ቁጥር 1ና ቁጥር 2፣ ሃያ ሁለት ቁጥር 1ና ቁጥር 2 የተባሉ የተለያዩ ጣቢያዎች አሉ። መዝጋቢው ቁጥሮቹን ቢዘነጋ፣ የተለያዩት ጣቢያዎች አንድ ይሆኑና ድምሩ ከ39 ያንሳል። ስለዚህ አስተማማኙ ዘዴ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር መቍጠር ነው፤ ኦፕን ስትሪት ማፕም ለእያንዳንዱ ነጥብ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ለዚሁ ነው። የተማሪን ስም በመዝገብ ቁጥር ለይተን የምንይዝበት ምክንያት ከዚህ አይለይም።

5. በሀገራችን ሁኔታ ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች

ሀ) የስም አጻጻፍ። ለመሣሪያው «ብቸና»ና «ቢቸና»፣ «ባሕር ዳር»ና «ባህር ዳር» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለጆሯችን አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ስሕተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። በሰነዱ «መናኸሪያ» ተብሎ የተጻፈውን በጥያቄያችን «መናሃሪያ» ብንለው፣ ቋንቋው «ተሳስተሃል» አይለንም፤ ባዶ መልስ ይሰጠናል። መፍትሔው አስቀድሞ አንድ የጸደቀ የስም ዝርዝር ማዘጋጀትና ለእያንዳንዱ ከተማ መለያ ቁጥር መስጠት ነው።

ለ) ሰዓትና ቀን። መናኸሪያ ላይ «12 ሰዓት፣ 1 ሰዓት ከሩብ፣ 2 ሰዓት ተኩል» የሚባሉት የጠዋት መነሻዎች እንደ ሰዓት ተቆጥረው ይደርደሩ ቢባል፣ ከሁሉ የሚቀድመው የ12 ሰዓቱ መኪና መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ይህንን ለማስወገድ በሰነዱ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር መጠቀም፣ ሁልጊዜም በሁለት አኀዝ መጻፍ ይገባል፤ የጠዋቱ 12 ሰዓት 06:00፣ የቀኑ 9 ሰዓት 15:00፣ የማታው 12 ሰዓት 18:00 ይሆናል። ለተጠቃሚው ሲነገር ግን መልሶ በእኛ አቆጣጠር መግለጽ ነው። ቀንም እንዲሁ ነው። ቋንቋው በቀንነት የሚቀበለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅምት 30ን በሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ብለን ብንሰጠው፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና እምቢ ይላል፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። እምቢ ሲል ግን ደኅና ነው። አደጋው ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። ባቡሩ ሥራ የጀመረበትን መስከረም 9 ቀን 2008ን በአንደኛ ወር 9ኛ ቀን ብንጽፍለት፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደውና ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ሐ) ባዶ መልስ። ስለ አንድ ከተማ ጠይቀን ምንም ካልተገኘ መሣሪያው ባዶ ይመልሳል፤ ቍጠር ካልነው ደግሞ 0 ይላል። ይህ 0 ወደ ዕቅድ ሠንጠረዥ ሲገባ «መጓጓዣ የለም» የሚል ትርጉም ይይዛል። ነገር ግን ባዶ መልስ ከሦስት ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል፤ በእርግጥ መኪና ስለሌለ፣ መኪና እያለ ማንም ስላልመዘገበው፣ ወይም ጥያቄው በስሕተት ስለተጻፈ ነው። በፈቃደኞች የሚሠራ ካርታ ፈቃደኞች በሚበዙበት ስፍራ ይሞላል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዙሪያ ስላሉት ከተሞች የሚጠየቅ ጥያቄ፣ ስለ አዲስ አበባ የሚጠየቀውን ያህል መልስ ባያገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። እንዲህ ያለውን ባዶ መልስ እንደ ማስረጃ ወስዶ ገንዘብና የሰው ኃይል መደልደል፣ ያልተመዘገበውን ሕዝብ እንደሌለ መቍጠር ይሆናል። በመግቢያው የተናገርሁት የራሴ ስሕተት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

6. በክፍል ውስጥ አጠቃቀም

ትምህርቱን ለመጀመር ኮምፒዩተርም ሆነ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። የሚከተለው ቅደም ተከተል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በመምህራን ማሠልጠኛ ሊሞከር ይችላል።

በመጀመሪያ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው፣ ከመናኸሪያው ሠራተኞች ፈቃድ አግኝተው፣ ለአንድ ሳምንት የጉዞዎችን መድረሻና መነሻ ሰዓት ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ የመዘገቡትን በወረቀት ላይ ከላይ በታየው ሥርዓት ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ቡድኖቹ ወረቀት ተለዋውጠው የተከፈተው ምልክት ሁሉ መዘጋቱን ይመርምሩ። አራተኛ፣ መምህሩ አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ እያንዳንዱ ቡድን መሣሪያውን ተክቶ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ መልሱን ያውጣ። የቡድኖቹ መልሶች ሲለያዩ፣ ልዩነቱ ከሰነዱ ወይም ከጥያቄው መምጣቱን ማጣራት የትምህርቱ ዋነኛ ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቡድን «ሞጣ» ያለውን ሌላው «ሞጣ ከተማ» ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ መምህሩ የስም ዝርዝርን አስፈላጊነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም።

ኮምፒዩተር ባለበት ትምህርት ቤት ቤዝኤክስ ወይም ኤግዚስት ዲቢ ከተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች አንዱን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ፣ መስመር በሚቆራረጥበት ስፍራ ያገለግላሉ። ከኢንተርኔት የተወሰደ ሰነድ ከሆነ የተወሰደበት ቀን በግልጽ ይጻፍበት። ካርታው በየጊዜው ስለሚታረም የዛሬው መልስና የከርሞው መልስ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው፣ የመጠየቂያ ቋንቋ መረጃን በእጅ ከመገልበጥ ድካምና በመገልበጥ ከሚመጣው ስሕተት ያድናል። ጥያቄው ተጽፎ ስለሚቀመጥም ሌላ ሰው ደግሞ ሊጠይቀውና መልሱን ሊያረጋግጠው ይችላል። በእጄ የገለበጥሁት ሠንጠረዥ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም፤ የት ላይ እንደተሳሳትሁ ለማወቅ ወረቀቶቹን ሁሉ እንደገና መፈለግ ነበረብኝ።

ሆኖም ቋንቋው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ፣ ያውም ከተጻፈው ብቻ ነው። በመሆኑም ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚከተሉትን አሳስባለሁ። ከማንኛውም ድምር ጋር ያ ድምር የተገኘበት ጥያቄና ሰነዱ የተወሰደበት ቀን አብሮ ይቅረብ። በሠንጠረዥ ውስጥም «የለም» እና «አልተመዘገበም» በሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይለዩ። ባዶ መልስ የተገኘበት ከተማ ከድልድል ከመሰረዙ በፊት በዚያ ለሚገኝ አንድ መምህር ደብዳቤ ይጻፍ ወይም ስልክ ይደወል። ለመምህራን ደግሞ የምለው አጭር ነው። የአካባቢያችሁን መናኸሪያ፣ መንገድና ትምህርት ቤት በትክክለኛ ስሙ መዝግባችሁ ለሌሎች ክፍት አድርጉ። በመርጡለ ማርያም መናኸሪያ ጠዋት የሚነሣው መኪና በሰነድ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ፣ በሩቅ ቢሮ ተቀምጦ ለሚደለድለው ባለሙያ እንዳልተነሣ ነው።